ሁለት ግራ

ያ ክረምት የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነበረው። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር ሲጣላ ይውላል፤ የስፌት ቤቱ መስኮት ላብ በላብ ይሆናል፤ የከሰል ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ባረፈ ቁጥር እንፋሎቱ ቤቱን ይሞላውና የሰው ፊት ይጠፋል፣ ሳቁ ብቻ ይሰማል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያልተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እሷ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፔዳል ሲረግጥ የማይደክም እግር፣ ዘፈን የማያልቅበት አፍ፣ ከመቀስ የሚቀድም ጣት ነበራት። መዘዙ ጣቷ ነው፤ ከሐሳቧም ይቀድም ነበርና።

በዚያ ጥድፊያ መሃል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኮት አዘዙ። ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች። ዳይሬክተሩ መጥተው ሰው ሁሉ እያየ ለበሱት። የቀኝ እጃቸው እጅጌው ውስጥ እንደገባ ወደ ኋላ ተጠመዘዘና ከጀርባቸው ምጽዋት የሚለምን መሰለ። ሁለቱም እጅጌ የግራ ነበር።

"ልጄ፣" አሉ ሳይቆጡ፣ "ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው ካገኘሽ መርቀሽ ስጪው።"

ስፌት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናት አባቷ ያወጡላት ስም በዚያው ቀረ፤ "ሁለት ግራ" ተባለች። አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ፀጉሯ ነጣ፤ ስሙ ግን እንደ ጥሩ ቀለም አልለቅ አለ። አልተቀየመችም። "ሌላው ሰው አንድ ግራ ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ትርፍ አለኝ፣" ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መቀስ ከማንሳቷ በፊት የግራውን ቁራጭ በጠመኔ "ግ" ብላ ትጽፍበታለች። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ላይ ዳግመኛ አልተሳሳተችም።

የራሱን ገላ በጠመኔ የሚያመለክት ሰው ግን የት አለ?

በስልሳ ሰባት ዓመቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ከመኪናዋ አጠገብ፤ ክር የለበሰ ወለል፣ የሚርገበገብ አምፖል። ወደ ታች አሥራ ስምንት ደረጃ አለ፤ ከደረጃው ሥር የፀጉር አስተካካዩ ቤት። ሰውዬው እኩያዋ ነው፤ ራሱ ላይ ለወግ እንኳ አንድ ፀጉር የለውም።

አንድ ጠዋት ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ፣ ፊት ለፊቷን ሳታይ ስትወርድ፣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ሳተ። የግራ ጉልበቷ ሎሚ፣ ያ ክቡ አጥንት፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ወስደው በቀጭን ሽቦ አሰሩት፣ ቆዳዋን ሰፉት። ስትነቃ መጀመሪያ ያደረገችው ስፌቱን መመርመር ነው። "እጁ ጥሩ ነው፤" አለች ስለ ሐኪሙ፣ "ጫፉን ግን ቸኩሎ ነው የቋጠረው። እኔ ጋ ቢሆን አስፈታው ነበር።"

ወደ ቤቷ ሲመልሳት ልጇ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ እዚህ ብቻሽን ሆነሽ እኔ ሥራ ላይ ልቤ አያርፍም። ዝናቡ እስኪያባራ እንይ። አሥራ ስምንቱን ደረጃ ያለ ደጋፊ ወርደሽ ከወጣሽ እሰየው፣ እዚሁ ኑሪ። ካልሆነ ክፍሏን እንመልስና እኛ ጋ ትገቢያለሽ።"

"መኪናዬስ?"

"መኪናዋን የምናስቀምጥበት ቦታ የለንም።"

የልጇ ቤት ክፉ ቤት አልነበረም፤ ምራቷም ደግ ናት። ግን እዚያ ስትሄድ "እማማ፣ አይነሱ፣ አይልፉ" ይሏታል። እዚህ ደግሞ ሰው ደረጃውን ወጥቶ፣ በሯን አንኳኩቶ፣ "ይቺን አሳጥሪልኝ" ይላታል። ልዩነቱን ለልጇ ማስረዳት አልሆነላትም፤ "እሺ" አለች።

ሆስፒታሉ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ ጉልበት ማን ይመላለሳል? እንደ ዕድል ሆኖ አዲስ ዘዴ ተጀምሯል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቹ በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በሽተኛውን በስልክ ቪዲዮ እያዩ እግሩን እጁን ያሠሩታል። ለእሷ የደረሰቻት፣ በማታውቀው ከተማ የምትኖር ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ባለሙያ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን።

መጀመሪያ ቀን ፀጉሯን አበጥራ፣ ደህናውን ሹራብ ለብሳ፣ ስልኩን መኪናዋ ላይ በክር ሣጥን አስደግፋ ጠበቀች። አሥር ደቂቃ ያህል ሕመሟን ተረከች።

"እማማ፣" አለች ልጅቷ፣ "አምፖልዎን በደንብ አይቼዋለሁ። አሁን ደግሞ እርስዎን ያሳዩኝ።"

ስልኩ ወደ ጣሪያ ዞሮ ኖሯል። ሲስተካከል ደግሞ የእሷ ዓይን ልጅቷ ጀርባ ያለው መጋረጃ ላይ ተተከለ፤ የጨርቁ ውስጥ ወደ ውጭ ሆኖ ተሰቅሏል። ያን ሁሉ ሰዓት ልቧ መጋረጃው ላይ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

"ቀሚስዎን እስከ ጉልበትዎ ሰብሰብ ያድርጉልኝ።"

"ምነው የኔ ልጅ! ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉልበቴን በቀን ብርሃን ያየው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱንም በስህተት።"

ልጅቷ ሳቀች፤ አላስገደደቻትም። ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣ "ግራ እግርዎን እንደዚህ ቀጥ አድርገው ያንሱ፣" ብላ የራሷን ግራ እግር አነሳች። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው፣ የልጅቷ ግራ ወደ ቀኝ በኩል ይታያል። አሮጊቷም መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው፣ በዚያ በኩል ያለውን እግሯን፣ ቀኙን፣ አነሳች።

"ጎበዝ! ያምዎታል?"

"ኧረ ምንም የለ፣ ተመስገን!"

ውሸት አልነበረም። ጤነኛ እግር ምን ብሎ ያማል?

ነገሩ ትንሽ ከንክኗት ነበር። ግን ምክንያት የማታጣ ሴት ናት፤ አንዱ እጅጌ ሲቀደድ ልኩ የሚወሰደው ከደህናው እጅጌ ነው፤ ሐኪሞቹም መጀመሪያ ከደህናው እግር ልክ ሊወስዱ ይሆናል አለች። በዚህ ሁለት ሳምንት ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሸሚዝ ላይ "ግ" ብላ ስትጽፍ እጇ አየር ላይ ቀረ። ገባት። እንደ ሞኝ ለብቻዋ ሳቀች። "ኮት አልበቃ ብሎሽ!"

በሚቀጥለው ቀን ልትናገር ቆርጣ ተቀመጠች። ልጅቷ ገና ብቅ ስትል፣ "እማማ፣ እርስዎኮ ከበሽተኞቼ ሁሉ አንደኛ ነዎት! ዛሬ ክብደት እንጨምራለን፣" አለቻት። ግራውን በድብቅ አጠፍ ልታደርገው ብትሞክር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀኙን አነሳች። "ጎበዝ!" ተባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎበዝ ያላት አልነበረም። ሰው አንዴ ከሸመገለ "በርቺ" ይባላል፣ "አይዞሽ" ይባላል፤ ጎበዝ የሚለው የለም። ነገ እነግራታለሁ አለች። ያ ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ።

ቀኝ እግሯ ወጠምሻ ሆነ። ግራው ቀሚሷ ሥር እንደ መጥረጊያ እንጨት ደረቀ። ፀጉር አስተካካዩ መቀስ ሊስልላት ወጥቶ በአንድ እግሯ ስትነጥር አያት።

"አንቺ ሁለት ግራ፣ ሕክምና ነው ወይስ ቆቅ ልትሆኚ ነው?"

"ሂድ፣ አንተ መላጣ! ፀጉርህን ፈልግ።"

ዝናቡ አባራ። ልጇ ስልኩን ይዞ ደረጃው አናት ላይ ቆመ፤ ልጅቷ በስልኩ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከታች ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ።

"እማማ፣ ደንቡን አይርሱ፤ ሲወርዱ የታመመው እግር ይቅደም፣ ሲወጡ ጤነኛው።"

አንደኛውን ወረደች። ሁለተኛውን ጥርሷን ነክሳ። ሦስተኛው ላይ ግራ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ፤ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች። ላይም የለ፣ ታችም የለ።

"ምን ሆኑ? ያ እግር ከትናንት ወዲያ እስከ ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ አይቻለሁ እኮ!"

"ያየሽው ወንድሙን ነው፣ የኔ ልጅ።"

"የማንን ወንድም?"

"የዚህን። ቀኙን።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ጠባሳው ግራው ላይ፣ ያ ቸኩሎ የተቋጠረው ጫፍ ጭምር፣ ለሁሉም ታየ። ከስልኩ ውስጥ የሩቅ ከተማ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ተሰማ።

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፣" አለ ፀጉር አስተካካዩ ከታች።

"አንተ ደግሞ የፀጉርህን መድኃኒት አግኝተህለታል!" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር።

"ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ እማዬ? እያወቅሽ?"

"አራቱን ነው እያወቅሁ። ሁለቱን በንጹሕ ድንቁርና ነው።" ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተች። "ያኛው ያማል፣ ልጄ። ይኸኛውን ሳነሳ ደግሞ ጎበዝ ትለኛለች።"

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጥፋቱ የእኔም ነው። ስልክ ምስል ያገላብጣል ስለተባልኩ፣ ቀኙን ሳየው ግራው ነው እያልኩ ነበር። ጠባሳውን ሳላይ መጀመር አልነበረብኝም። ግራ አጋባሁዎት፣ እማማ።"

"እኔን? እኔ ድሮም ግራ ነኝ። እንኳን ሰው፣ የዳይሬክተር ኮትም ግራ አጋብቻለሁ።"

ልጇ አልሳቀም። "ዝናቡ አባርቷል፣ እማዬ። ቃላችን ቃል ነው።"

አልተከራከረችም። ተነሳች፤ ደንቡን አስታውሳ በጤነኛው እግር ጀመረች፤ ሦስቱን ደረጃ ሽቅብ እንደ ልጃገረድ ተስፈንጥራ ልጇ ፊት ቆመች።

"ሽቅቡንማ ሚዳቋ ናት!" ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ።

ልጇ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን ሳቁ አመለጠው። "አንድ ወር። ከዚያ በኋላ ወንድም፣ እህት የሚባል ነገር አልሰማም።"

ከዚያ ሥራው ሆነ ሥራ። እሷ ግራ ጉልበቷ ላይ በጠመኔ "ግ" ብላ ጻፈች። ልጅቷም የራሷ ግራ ባት ላይ "ግ" የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈች፤ ግራ ከግራ እንዲገጥም ደግሞ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጥታ ታሳያት ጀመር፣ በትከሻዋ ዞር እያለች እየተመለከተች። "በዕድሜዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ የጠቀመኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፣" አለቻት። ግራው መታጠፍ ሲጀምር ዓለም ዞረባት፤ ያን ባለሽቦ ጉልበት፣ ሐኪሙን፣ ደረጃውን፣ ራሷን ረገመች። ጎበዝ መባልም እንደ ድሮው በነፃ መሆኑ ቀረ፤ አሁን የምትባለው እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ነው።

ወሩ ሲያልቅ አሥራ ስምንቱን ወረደች። እሷ ታች እስክትደርስ ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ሰው ላጭቶ ጨርሷል። ልጇ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ እንዳይደግፋት ራሱን አስሮ፣ አብሯት አንድ አንድ ደረጃ ወረደ። ታች ስትደርስ ወንበር ቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። ተቀምጣ መነሳቱ ከባድ መሆኑን ታውቃለች። ዞራ ወጣች። ልጇ ቃሉን ጠበቀ፤ ስለ ክፍሏ ዳግመኛ አላነሳም።

የመጀመሪያ ሥራዋ ለልጅቷ መጋረጃ መስፋት ነበር፤ የውስጡን ጠርዝ "ውስጥ" ብላ በክር ጽፋበት በአውቶቡስ ላከችው። በሚቀጥለው ቪዲዮ መጋረጃው ከልጅቷ ጀርባ ተሰቅሏል። "ውስጥ" የሚለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል።

እሷ ግራ እግሯን አነሳች።

ባለፈው ክረምት ሱሪ ሊያስጠብብ የወጣ ሰው እዚያው አግኝቷታል፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ ያለው በር፣ መስኮቱ ሥር፣ መኪናዋ ላይ።