ሰርጉም ቀብሩም አንድ ላይ ወጣ

ስድስት መቶ አሥራ አራት ፎቶ በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ማንም አላገዘኝም፤ በራሴ ጣት ነው ያደረግኩት። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ። እንግሊዝኛ የማውቀው ግን የመንገድ ምልክቱንና የኮንቴይነር ወረቀቱን ያህል ነው። ኦክላንድ ወደብ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ትራክ ነድቼ ጡረታ ወጣሁ። ስማርት ፎን የገዛሁት ሰው ሁሉ ከያዘ በኋላ ነው። ኮንኮርድ የምትኖረው ልጄ ነርስ ናት፤ "አባዬ፣ ና ላሳይህ" ስትለኝ፣ "አርባ ጫማ ኮንቴይነር በኋላ ማርሽ የማስገባ ሰው ይቺን ታክል ዕቃ ታቅተኛለች?" እያልኩ እምቢ እላት ነበር።

ሳን ሆዜ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እቴቴ ነው የሚላት፤ ሰፈሩም በሙሉ እንደዚያው ይጠራታል። እሁድ እሁድ ሳይደውልላት ምሳ አይበላም። እዚህ አገር ከሚስቱ በቀር የኔ የሚለው ዘመድ የለውም።

ለእህቴ ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እቴቴም መጣች፣ በላች፣ ጨፈረች። ሰርጉ ባለቀ በሳምንቱ ጠዋት ተነስታ ፊቷን ስትታጠብ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ለሰርጉ የተከራየነው ድንኳን ገና አልተመለሰም ነበር፤ ወስደን እሷ ደጅ ተከልነው። ወንበሩም ያው ወንበር ነው።

በጓደኛዬ ቦታ ቆሜ ቀበርኳት። ፎቶም አነሳሁ። የሚያነበኝ ሰው እንዳይገርመው፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ቆሞ መቅበር ላልቻለ ሰው እንዲህ ይደረጋል። በወጉ መሸኘቷን፣ ማን ሳጥኗን እንደተሸከመ፣ ማን ፎቶዋን ይዞ ፊት እንደሄደ፣ አፈሩ ሲመለስ ማን ማን እንደነበረ ኋላ ማየቱ አይቀርም። ለእሱ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያነሳሁት።

ቤተሰቡ ተመካከረና በስልክ አይረዳም ተባለ። ለሚስቱ ብቻ በስውር ተነገራት። "አንተ ስትደርስ በአንተ እጅ ይሁን" አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እስከዚያ ሲደውል "ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" ይሉታል።

ረቡዕ ኦክላንድ ገባሁ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋ ደውዬ፣ ጓደኛዬ ሥራ በማይገባበት ቀን ቅዳሜ ማለዳ አብረን ሄደን እንድንነግረው ቀጠሮ ያዝን። ሐሙስ ግን ራሱ ደወለልኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ደርሰሃል አሉ። ድምፅህን የት ደብቀኸው ነው?"

"ደክሞኝ ነው።"

"የሰርጉ ፎቶስ? ፖስት አድርገውና እንየው እንጂ።"

"አወጣዋለሁ።"

"አንተ? ኮንቴይነር መሰለህ እንዴ በስፖኪዮ እያየህ የምታስገባው? ልጅህን መለመንህ ነው።"

"ማንንም አልለምንም!"

ሳቀብኝ፣ ሳቀብኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እቴቴን አየሃት?" አለኝ።

"ጠበል ሄዳለች አሉኝ፤ ሳላገኛት መጣሁ።"

"ምነው፣ አመማት እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት። ለበረከት ነው።"

ደህና ናት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳይጠረጥር። ፎቶው ካልወጣ ይጠረጥራል፣ ከወጣ ግን በእሱ ተይዞ ይውላል አልኩ። ደግሞ ልጅህን ለምን ማለቱ ከንክኖኛል።

ተቀመጥኩና ስልኬን ከፈትኩ። ልምረጥ ብል የማይሆን ነው፤ የሰርግ ፎቶ ሲወጣ አንድ ሰው ከቀረ ቂም ነው። በፊት በአንድ ክርስትና የአንዲት አክስት ፎቶ ሳይወጣ ቀርቶ ሁለት ዓመት ተኮራርፈናል። ስለዚህ ሁሉም ይውጣ አልኩ። ኦል የሚለውን ቃል እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ወደብ ላይ "ኦል ትራክስ" የሚል ሰሌዳ ሥር ስንት ዓመት ተሰልፌያለሁ። ነካሁት። ርዕስ ሲጠይቀኝ በአንድ ጣቴ "የደስታችን ቀን" ብዬ ጻፍኩ። ፎቶው ብዙ ስለሆነ እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ፤ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተውኩት።

የቀብሩ ፎቶ እዚያው ስልክ ውስጥ መሆኑን ረስቼ ነው? አልረሳሁም። በእኔ ጭንቅላት ግን ሰርጉ ሌላ ቦታ፣ ቀብሩ ሌላ ቦታ ነበር። እኔ የማውቀው ፎቶ ታጥቦ በየፖስታው ሲቀመጥ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ልጄ ከሥራ ቦታዋ ደወለች።

"አባዬ፣ ምንድነው ያደረግከው? ኦ ማይ ጋድ! ዲሊት አድርገው፣ አሁኑኑ!"

"ምኑን?"

"ቀብሩን! ሰርግ ብለህ ቀብሩንም ፖስት አድርገኸዋል!"

አላመንኳትም። ሰው እንዴት እንዲህ ዓይነት ነገር ያደርጋል?

"ፓስወርድህን ንገረኝ፣ እኔ ላጥፋው" አለች። ፓስወርዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እንዳወጣሁት ግን ከየት ላምጣ? "ከላይ ሦስት ነጥብ ይታይሃል?" ስትለኝ ልይ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ መስመሩ ተቋረጠ፤ አልበሙም ተከፈተ። ያየሁት ፎቶ ሳጥኗ ከደጅ ሲወጣ ነው። ከሥሩ ሳን ፓብሎ ያለች የማውቃት ሴት፣ መጀመሪያውን ብቻ አይታ መሰለኝ፣ "እልልልል! እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለልጆቻችን ያድርሰው" ብላ ጽፋለች። ሻዩ እጄ ላይ ሲደፋ እንኳ ትኩስነቱ አልተሰማኝም።

ሚስቱ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ አየሁት" አለችኝ ገና ሃሎ ሳልል። "ምን ነካዎት?"

"አይቶታል?"

"ሥራ ገብቷል። እየነዳ ስልክ አይነካም። በፈረንጅ አሥር ሰዓት ላይ የዕረፍት ብሬክ አለው፤ ያኔ ይከፍተዋል። ጋሼ፣ ዓይኔ ሲያብጥ አለርጂ ነው እያልኩት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ችያለሁ። እንዲህ ሊያውቅ ነው?"

ሳን ሆዜ አየር ማረፊያ አጠገብ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ጓደኛዬ መንገደኛ በሚኒባስ የሚያመላልሰው እዚያ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ተኩል አልፏል። ቁልፌን ይዤ ወጣሁና መኪና ውስጥ ሆኜ ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት።

"ብቻህን? መርዶ ብቻውን የሚነግር የት አይተሃል? ሰው እስክሰበስብ ጠብቅ!"

"ብሬኩ አይጠብቅም" ብዬ ዘጋሁት።

ሄይዋርድ ስደርስ ፍሪዌዩ ቆመ። ዕድሜዬን በሙሉ የነዳሁበት መንገድ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን ጠልቼው አላውቅም። ስልኬ ከጎኔ ወንበር ላይ ቲን፣ ቲን ይላል። አንዱ ሰው ላይክ ባደረገ ቁጥር ነው የሚጮኸው። ሰዉ ምኑን ነው የወደደው? ድንኳኑን ነው ወይስ መቃብሩን?

አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ደረስኩ። የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ዓይኑ ሥር አድርጎታል። ይስቃል።

"ና! ና! አንተ ውሸታም! ሳላገኛት መጣሁ ትለኛለህ? ይኸው፣ እስክስታ ስትመታ!"

አሳየኝ። እቴቴ ናት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ አፏን ከፍታ።

"ይቺ ናት ጠበል የሄደችው? ከእኔም ከአንተም ትሻላለች እኮ! ቆይ፣ ገና ግማሹም አልደረስኩም" አለና አውራ ጣቱን ወደሚቀጥለው ሰደደ።

"አቁም" አልኩት።

"ምነው፣ ሰክረህ የጨፈርከው ሊመጣ ነው?"

መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው። ሰው ሆኖ ነው የሚኬደው። አንዱ ትልቅ ሰው ይናገራል፤ ጉልበት ያላቸው ሁለቱ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ምክንያቱም የተነገረው ሰው ራሱን መሬት ላይ ይጥላል። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ከሥሩ ያለው አስፋልት ነው። እና ከመናገሬ በፊት ሁለት ክንዱን አጥብቄ ያዝኩ። ስልኩ ወደቀ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። በእኛ ዘንድ ሰው የሰውን ሁለት ክንድ እንዲያ አድርጎ የሚይዘው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማናት?" አለኝ። ማነው አይደለም ያለው።

"እቴቴ።"

እሱ አልወደቀም። የወደቅኩት እኔ ነኝ። ክንዱን እንደያዝኩ ጉልበቴ ታጠፈ፤ እሱ ደገፈኝ። ከዚያ ጮኸ። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ባሉበት ቆሙ፤ አለቃው ድብድብ መስሎት እየሮጠ መጣ። ምን ብለን እንንገረው? ሊቀ መንበሩ ከአራት ሰዎች ጋር ነጠላ ለብሰው ሲደርሱ ሁለታችንም መሬት ላይ ነበርን።

ለቅሶ ቤት ሊቀ መንበሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ወረደብኝ። "መርዶ በኢንተርኔት! ይሄን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሳትሆን አትቀርም!" ጓደኛዬ ግን ቀና አለ።

"በፎቶ አልሰማሁም፤ ይዞኝ ነው የሰማሁት። እሱን ተዉት።" ወደ እኔ ዞረ። "አሥራ አንድ ቀን ግን በላሁ፣ ሳቅሁ፣ ኳስ አየሁ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና። አንተ ቀብረሃት መጥተህ ደህና ናት አልከኝ።"

"በስልክ አይነገርም ብዬ ነው..."

"ማን ነው የማይነገረው? እኔ ነኝ? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።"

በዚያ ነገር እልከኛ ሆኜ ልከራከር ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ልጄ አልበሙን ልታጠፋ ከሥራ መልስ መጣች፤ ከለከላት። "አይጠፋም። ከሰርጉ ይለይልኝ። የቀላቀለው እሱ ነው፣ እሱ ይለየው።"

ሦስቱን ቀን ፍራሹ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ በአንድ ጣቴ ለየሁ። ድንኳኑ ያው፣ ሰዉም ያው ነው፤ ፊቱን ብቻ ያነሳሁትን ሰው የቱ ላይ እንደነበር ማወቅ አቃተኝ። አንዳንዱን እሱ ነው የሚለየው። "ይሄኛው ማነው?" ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። "ሳጥኑን በዚህ በኩል የያዘው?" እነግረዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን አፈሩ ሲመለስ ያነሳሁት ፎቶ ላይ ስንደርስ አስቆመኝ።

"ስትወድቅ ስሜን ጠርታ ነበር?"

አዎ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ ሲጠየቅ አዎ ነው የሚለው።

"አላውቅም" አልኩት። "እዚያ አልነበርኩም።"

"ለካ አላውቅም ማለት ትችላለህ" አለና ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈ።