ጣሪያ የሚነካው ዘንግ

ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ይመጣል፤ የቢሮ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ሰላም ብሎኝ በቀጥታ ባሕር ጠላቂዎች ዓሣ የሚወጉባቸው ጦሮች ወደተደገፉበት ግድግዳ ያልፋል። ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ባንኮኒው ላይ ያንከባልላቸዋል፤ የተንጋደደው እየተንገጫገጨ ራሱን ያጋልጣል። ቀጥ ያለውን ደግሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ እስከ ጫፉ ያየዋል። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲህ አይጨነቅም! ሲያበቃ ከዘንጉ ጫፍ የታሰረውን ማስወንጨፊያ ላስቲክ አውራ ጣቱ ላይ አጥልቆ፣ ወጥሮ ይቆማል። እጁ ንቅንቅ አይልም።

ዛሬ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ይኼ ላንተ የተሠራ ነው። ለምን አትወስደውም?"

"የት አቆመዋለሁ? የቤቴን ጣሪያ ይነካል።"

"ተፈታቶ የሚገጠምም አለኝ እኮ።"

"እሱ መጋጠሚያው ላይ ይላላል።"

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ሲያነሳው ድምፁ ወዲያው እንደ ልጅ ቀጠነ። "መጣሁ፣ እማዬ... አይ፣ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነው። አታልቅሺ፣ ማንም አልተወሽም።"

ስልኩን ዘጋ። ላስቲኩን ቀስ ብሎ አላላና ዘንጉን ቦታው መለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ ባሕር ውስጥ ሊጠልቅ እንዳለ ሰው ደረቱ እስኪነፋ አየር ስቦ ያዘና፣ ወደ ቤቱ ሄደ።