ሦስት ጠብታ በንጹሑ ውሃ ላይ

ልጄ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት መኖሩን በቀለም መለየት ነው። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት በጠላ አስረዳችኝ።

«ብቅሉ ውስጥ እህሉን የሚያጣፍጥ ኢንዛይም አለ አይደል? እሱ ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል፣ ሲቆይም ይደክማል። የእኔ ግን ከዲኤንኤ የተሠራ ነው፤ አጭር ክር በይው። እርሳስ ሲያገኝ ይታጠፍና የኢንዛይም ሥራ ይሠራል፤ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ቢሞቅም ግድ የለውም።»

ሁሉም አልገባኝም። ጌታዬ ጥበብህ ብዙ ነው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሐርቡና ከኮምቦልቻ ጉድጓዶች ውሃ ቀድታ ደሴ እኔ ዘንድ አደረች። ሰባት ጠርሙስ ነበር። ሰባተኛው ባዕድ ነገር በመንገድ ገብቶ እንደሆነ ማወቂያ ሆኖ አብሮ የሚሄድ፣ አብሮ የሚመለስ ንጹሕ ውሃ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ማለዳ ከኪዳን ጸበል ይዤ ስመለስ ተኝታለች። ሥራዋ ይባረክ ብዬ ክዳኑን እየከፈትኩ በየጠርሙሱ ሦስት ሦስት ጠብታ አደረግሁ፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ። ከደንኩት። ደስ ብሎኝ ቁርሷን ሠራሁ።

በሳምንቱ ሰኞ ደወለች። ድምጿ ተሰብሯል።

«እማ፣ አልሆነም። ንጹሑ ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ምንም የሌለበት ውሃ ቀለም ካመጣ ክሩ ይዋሻል ማለት ነው። መምህሬ ምክንያቱን እስከ ዓርብ ካላገኘሽ ርዕስ ቀይሪ ብሎኛል። ሁለት ዓመቴ!»

አይዞሽ እንኳ አላልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ጸበሉን ያንጠባጠበውን እጄን ያየሁት።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ብነግራት ደግማ ታምነኛለች? ጸበሉንስ ትጠላው ይሆን? ዝም ብል ደግሞ ልፋቷ በእኔ እጅ ሊቀበር ነው። ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ወጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የምናገረውን ብደረድር ብደረድር ሊገጥምልኝ አልቻለም።

የግቢው ጥበቃ ቦርሳዬን እያየ፣

«እናት፣ ምን ይዘዋል?» አለኝ።

«ጥፋት ይዣለሁ ልጄ።»

«እሱ አይፈተሽም፤ ይግቡ።»

ልጄ ነጭ ጋዋን ለብሳ ወጣች። ስታየኝ ደነገጠች።

«እማ! ማን ሞተ?»

«ማንም። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ያደረግሁትን ነገርኳት።

ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ፣ «ስንት ጠብታ?» አለች።

«ሦስት።»

«በሁሉም?»

«በሁሉም። አንዱን ለይቼ ልተው?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ከጸበሉ የተረፈውን በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ ተቀበለችኝና ወደ ውስጥ ገባን። በሁለት ብልቃጥ ንጹሕ ውሃና ክሩን አደረገች፤ በአንዱ ላይ ብቻ ከጸበሉ አንጠበጠበች። ጸበል ያለበት ቀለም ካላመጣ ጥፋቱ የክሩ ነው፤ ልፋቷም አበቃ። ውሃ አረንጓዴ ይሁን ብዬ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጸበል የሌለበት ጠርቶ ቆየ። ሌላው ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ።

«ከዓለት ነው የሚፈልቀው፤ ማዕድን አለው» አለች። «ክሩ አልዋሸም እማ። ያለውን ነው ያየው።» ግን ፊቷ ወዲያው ጨፈገገ። «እርሳስ ያልሆነ ማዕድንም ሊያጥፈው ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን የምለይበት መንገድ መፈለግ አለብኝ።»

ለመምህሯ ደወለች። «እናቴ ናት» ስትል ሰማሁ፤ አንገቴን ደፋሁ። ብዙ ጠየቃት። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ርዕሱ አይቀየርም። ግን ከሁሉም ጉድጓድ እንደ አዲስ እቀዳለሁ።»

ተመስገን አልኩ። ይቅር በይኝ ልላት ስጀምር ጠርሙስ ልታጥብ ሄዳ ነበር።

«እማ» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፤ «ከዛሬ ወዲያ ክዳኑን ሳትከፍቺ ጸልዪልኝ።»