በበርሜሉ ጥግ የከረመ የፍሬን ዘይት

አባቴ የመኪናችንን የፍሬን ዘይት ለሰው እጅ አይሰጥም ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ ባንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ አሮጌዋን ፎርዊል ድራይቭ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ካልፈታታት እንቅልፍ አይወስደውም። ጥሩ መካኒክ ጎረቤታችን ነበር፤ ሶማሊ ነው፣ ለአባቴም ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። እናቴ ነገሩን ባጭሩ ትዘጋዋለች፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

ዘይት መቀየር ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጎማው ጋ ተኝቶ ትንሿን ብሎን ይፈታል፣ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል። ብሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሣ አየር ይገባል። ረጋጯ እኔ ነበርኩ። ትእዛዙ በሶማሊኛ ነው፤ አባቴ ከመካኒኩ እንደዚያ ስለተማረ በአማርኛ ቢለው የሚሠራ አይመስለውም። «ቀቦ» ሲል ረግጬ እይዛለሁ፤ «ሲ ዳ» ሲል እለቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ጀምሬ፣ ሥራ ይዤም ቢሆን፣ በየዓመቱ ይህን አድርጌያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ከእኔ ጋር ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ዘይቱ ከድንበር የሚገባ የቶጎጫሌ ዕቃ ነው። በትልቅ ቆርቆሮ ይገዛና ግማሹ ይተርፋል፤ የተረፈ ደግሞ እኛ ቤት አይጣልም። ሙቀት የሚጎዳው ነገር ሁሉ፣ ቅቤውም መድኃኒቱም፣ ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል ጥግ በራሰ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። አባቴም ቆርቆሮውን እዚያው አኖረው። ክዳኑ አልገጥም ቢለው በጨርቅ ሸፍኖ በሲባጎ አሰረው። ጅግጅጋ የኖረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ የምንፈራው ፀሐይን ነው፣ ውሃንማ ማን ይፈራል።

በዓመቱ አሮጌውን አፍስሰን ያንኑ የተረፈውን ሞላን። በሳምንቱ እናቴን ዓይኗን ልናሳይ ሐረር ወስደናት ስንመለስ፣ የካራማራን ቁልቁለት ጀምረን ነበር። ከፊታችን ጭነት የጫነ አይሱዙ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። አባቴ ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ድንገት እግሩ ወለሉ ድረስ ገባ። ደገመ። ምንም የለም። ማርሹን አንደኛ ላይ ከቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበና መኪናዋን መንገድ ዳር ከተቆለለ ጠጠር ጋር አላተማት። ቆመች። እናቴ የእመቤታችንን ስም ብቻ ደጋግማ ትጠራለች።

አባቴ ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ዘይቱ ሙሉ ነው። ቁጭ ብለን ቆየን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ቢሞክረው ፍሬኑ ተመልሷል። ያኔ ወደ እኔ ዞረና «አየር ገብቶበታል፤ ሲ ዳ ሳልል ለቀሻል» አለኝ። አልለቀቅኩም አላልኩትም። እናቴን አየኋት። ምናልባት ለቅቄ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ለመካኒኩ ተሰጠ፤ እኔንም ማንም ነይ ርገጪ አላለኝም። ተናደድኩ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አፍሬ ነበር። መንጃ ፈቃድ አውጪ ሲሉኝ ምን ያደርግልኛል እላለሁ። እናቴን በእግሬ ልገድላት ነበር ብዬ ለማን ልናገር? ጓደኞቼ ሲነዱ እኔ ባጃጅ ስጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ወገቡን ሲታመም፣ መካኒኩ አንድ ጠዋት ዘይቱን ሊቀይር ቤት መጣ። ረዳቱ እየረገጠለት ሦስቱን ጎማ ከጨረሰ በኋላ ቆርቆሮውን አነሣሁና «የሚተርፈውን በርሜሉ ጋ ላስቀምጠው?» አልኩት። ሳቀ።

«አባትሽን ካራማራ ላይ ጉድ ያደረገውን? ይሄ ዘይት ከተከፈተ እርጥበት ይጠጣል፣ ልጄ። ፍሬኑ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እግር ወለል ይገባል፤ ሲበርድ ይመለሳል።»

«አየር አይደለም እንዴ?»

«አየር ቢሆን ፍሬኑ ከቤታችሁ ስትወጡ ጀምሮ በለሰለሰ ነበር። ያኔ በሳምንቱ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ እኮ፣ ያውቃል።»

የመጨረሻዋን ጎማ ለእኔ ተዋት አልኩት። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሰማናል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ታውቅ ነበር?»

«ነገ እነግራታለሁ እያልኩ» አለ። «ሲውል ሲያድር አፌ ከበደኝ።»

«ና፣ ርገጥልኝ» አልኩት።

ወገቡን ይዞ ወጣና መሪው ጋ ተቀመጠ። በሩ ክፍት ስለነበር፣ ጎማው ሥር ተኝቼ እግሩ ይታየኛል። «ቀቦ» አልኩ። ረግጦ ያዘ። ብሎኗን ፈታሁ፤ አሮጌው ዘይት በላስቲክ ቱቦ ወደ ጣሳ ወረደ። መልሼ አጠበቅኳት። «ሲ ዳ» ግን አላልኩም።

እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አልለቀቀም።

«ልልቀቅ?» አለ፣ በአማርኛ።

«ገና ነው» አልኩት። ብሎኗ ከጠበቀች ቆይታለች።