የበርበሬው መሐላ ውሃ ላይ ሲፈተን

ዛሬ መርካቶ፣ ከሻይ ቤት በለመንኩት አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ የደንበኛዬን በርበሬ ብበትነው፣ ግማሹ እንደ ጠጠር ሰምጦ ከታች ተኛ። የተፈጨ ሸክላ!

ለልጄ ሠርግ ሃያ ኪሎ ልገዛ ነበር። እንግዶቼን ጡብ ላበላ ነበር እላችኋለሁ!

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት ንጹህ ነው» ይላል ነጋዴው ዓይኑን በጨው አጥቦ። (እኚያ ምስኪን እናት በቀን ስንቴ እንደሚሞቱ እግዜር ይወቀው።)

አሥር ዓመት ለምን አመንኩት? ሁሌ ስለሚመርቅልኝ። እፍኝ የሚመርቅ ሰው አያታልልም ብዬ፣ ሞኟ!

ዛሬ ግን የሠርግ ነገር ነውና ሁሉንም ጠረጠርኩ። መሐላውን፣ «እኔም ከሱ ነው የምገዛው» ያለችኝን ጎረቤቴን፣ የገዛ አፍንጫዬን ሳይቀር፤ እዚያ ሰፈር ግድግዳውም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የቀረኝ ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ ደግሞ አይምልም፣ አይመርቅም።

«ሰው ማመን ተዉ እንዴ እትዬ?» አለኝ ደፋሩ።

«እምነቴን ተክለ ሃይማኖት እወስደዋለሁ፤ ለበርበሬ ውሃ ይበቃኛል!»

የጎረቤቱንም ሱቅ በርበሬ እንደዚያው በውሃ ፈተንኩ። የሱ ተንሳፈፈ። ሃያውን ኪሎ ከሱ አስጭኜ እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ።

እናንተስ፣ ስንት ዓመት ሳትፈትኑ ያመናችሁት ነገር አለ? የፈተናችሁበትን ቀን እስቲ አውሩኝ።