በድንኳን ገመድ የታሰረ ዥዋዥዌ

የእድራችን ግቢ አምቦ ውስጥ፣ ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ መሃሉ ላይ አንድ አሮጌ ዋንዛ አለ፣ ከኋላ ዕቃ ቤት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ጭልሞ ጫካ እንጨት ስሰነጥቅ ኖሬ ጉልበቴ ሲከዳኝ እድሩ ይሄን ሥራ ሰጠኝ። ሰው ሲሞት ጡሩንባ እነፋለሁ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አወጣለሁ፣ ሰልስቱ ሲያልፍ መልሼ አስገባለሁ። መርዶ ሲኖር ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ ጎህ ሲቀድ በር የማንኳኳው እኔ ነኝ። እገሌ ሞተ ካልኩ ሞቷል። ሰፈሩ በብዙ ነገር ያማኛል፣ ግትር ነው ይለኛል፣ በዚህ ግን አያማኝም ነበር።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ይሄ ሁሉ ቆመ። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ተባለ። ድንኳን መጣል ቀረ፣ ለቅሶ መቀመጥ ቀረ። ጡሩንባውን ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ እዘረጋና መልሼ አጥፈዋለሁ። ሰው ግን መሞቱን አልተወም።

ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ከግቢው ጀርባ በጭቃ ግድግዳ የተያያዙ የኪራይ ቤቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ናቸው። እኔም እዚያው መደዳ ላይ ነኝ። ሥራ የቆመበት ወንድ ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲውል ምን እንደሚሰማ ለመናገር አልፈልግም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከቤት ያመለጡት ልጆች አስፋልቱ ላይ በባጃጅና በጭነት መኪና መሃል ይሯሯጣሉ።

በመደዳው ጫፍ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ትኖር ነበር። ጴንጤ ናት፣ አፏ ለስላሳ ነው፣ የያዘችውን ግን አትለቅም። መጣችና፦

«አባ፣ ግቢውን ለልጆቹ ይክፈቱልን። አራት አራት እናደርጋቸዋለን፣ እጅ እናስታጥባለን» አለችኝ።

«ሂንታኡ» አልኳት። እምቢ ስል ኦሮምኛው ይቀድመኛል።

«ለምን አይሆንም?»

«የሐዘን ግቢ ነው። የለቅሶ ዕቃ ባለበት ልጅ አይጫወትም። ሟርት ነው።»

«አስፋልት ላይ መጫወቱስ?»

«የአስፋልቱ ቁልፍ እኔ ጋ አይደለም።»

ሦስት ጊዜ መጣች፣ ሦስት ጊዜ መለስኳት።

ከእኔ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት ነበረች። ባሏ አይሱዙ ይነዳል፣ አምቦና ነቀምቴ ጭነት ያመላልሳል። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳዬ ኳ ኳ ይላል። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። እስከ ምሳ ሰዓት አላቆመም። ወጥቼ በራቸውን ገፋሁት። ልጅቷ ወገቧ ላይ ነጠላ ታስሮ፣ የነጠላው ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ተቋጥሯል። አጠገቧ ውሃ በጆግ፣ ግማሽ ዳቦና ፖፖ አለ። በማንኪያ ግድግዳዬን ትመታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተጫወትኩ ነዋ፣ አካኮ።» አካኮ አያቴ ማለት ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

«ልፍታሽ?»

«እማዬ ትቆጣለች። ደግሞ እስከ በሩ ይደርሳል፣ እየው።» ተነስታ አሳየችኝ። አይደርስም። ሁለት ክንድ ይቀረዋል።

በእናትየዋ አልፈርድም። ገበያ ይዛት ብትሄድ በሽታው አለ፣ ቤት ፈታ ብትተዋት አስፋልቱ አለ። እኔ ግን እዚያ በር ላይ ቆሜ አፈርኩ። በዚያው ቀን ሄጄ ለአስተማሪዋ «ነይ፣ እከፍትልሻለሁ። ቁልፉን ግን አልሰጥሽም» አልኳት።

ድንኳን የምንወጥርበትን ገመድ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አስሬ፣ መሃሉ ላይ ሳንቃ አድርጌ ዥዋዥዌ ሠራሁ። አግዳሚዎቹን አጋድመን ድልድይ አደረግናቸው። ትልልቆቹ የለቅሶ ድስቶች ተደፍተው ከበሮ ሆኑ። ከሁሉቃ ወንዝ አሸዋ በጋሪ አስመጣን። ጀሪካን በስቼ በሩ ላይ ሰቀልኩ፣ አስተማሪዋ ሳሙናውን ካልሲ ውስጥ ከትታ አጠገቡ አንጠለጠለች። አራት ልጅ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ራቅ ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ተራ ሲያልቅ ጡሩንባዬን ልንፋ ብዬ ነበር።

«ኧረ አባ፣ ሰው የሞተ ይመስለዋል» አለችኝ። አሮጌ የመኪና ቸርኬ ሰቅዬ በብረት መምታት ጀመርኩ።

ወላጆቹም ይመጡ ነበር። እጁ ሲማታ እንጂ ሌላ ሥራ ሲሠራ ያላየሁት አንድ አባት ልጁን በዥዋዥዌ ሲገፋ አይቻለሁ። ምንም አያወራም፣ ብቻ ይገፋል። ጥሩ ጊዜ ነበር ለማለት አይደለም። በየቤቱ ጦም የሚያድር ነበር። ግን ቸርኬው እስኪመታ ድረስ ለዚያች ሰዓት ግድግዳው ዝም ይል ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጣ የጽሕፈት ቤት ሰው ነው፣ ሰምቶ መጣ። ዥዋዥዌውን ቆሞ አየው።

«አንተ ሰውዬ፣ የድንኳኑን ገመድ ዛፍ ላይ ሰቀልከው?»

«ድንኳኑ ሥራ ፈቷል፣ ገመዱ እንኳን ይሥራ።»

«ነገ አንተ ስትሞት በምን ልንወጥር ነው?»

«እኔ ስሞት ዝናብ ይምታችሁ።»

ሳቁን በማስኩ ውስጥ ደብቆ ሄደ። ትንሿ ልጅ በየቀኑ ትመጣ ነበር፣ እናቷ ሽንኩርቷን ተሸክማ ስትወጣ በሩ ላይ ትተውልኛለች። ዥዋዥዌው ላይ ከወጣች አትወርድም። «አባዬ ሲመጣ ከዚህ ላይ ሆኜ ነው የማየው» ትል ነበር። ከላይ ሲሆኑ አጥሩን አሻግሮ አስፋልቱ ይታያል።

ክረምቱ ሲገባ አባቷ ነቀምቴ ላይ ታመመ። ለይቶ ማቆያ አስገቡት፣ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት። ስልኩ የተደወለው ለሊቀመንበሩ ነው። እሱ፣ ሌላ አንድ ሽማግሌና እኔ አፋችንን ሸፍነን ጎህ ሲቀድ ሄድን። በደጉ ጊዜ ቢሆን ደጁን ሰው ይሞላዋል፣ ሴቶች ገብተው ወገቧን ይይዛሉ። ያን ቀን ሦስት ሽማግሌ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ርቀን ቆመን ነገርናት። ልጇ እንዳትነቃ አፏን በነጠላዋ አፍና ወደቀች። መንካት አልተፈቀደም። ቆመን አየናት።

ስትነሳ መጀመሪያ ያለችው «ከእርስዎ አፍ እንዳይወጣ አባ» ነው። «ድንኳን ሲፈቀድ፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ያኔ ትረዳለች።»

እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹም ልክ ናት አሉ። እኛ ዘንድ መርዶ ያለ ሰው አይነገርም፤ የሚይዘው ሳይኖር የተረዳ ሰው ያብዳል ይባላል። ከዚያ ወዲያ እናትየዋ ጥቁሯን ገበያ ስትወጣ ትለብሳለች፣ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ታወልቃለች።

አንድ ዝናባም ቀን ከዕቃ ቤቱ ስወጣ ልጆቹ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሄጄ አየሁ። በዥዋዥዌው ገመድ ላይ የድንኳኑን አንድ ጫፍ ጎትተው ጥለዋል። ሥሩ አግዳሚ ዘርግተው፣ እንደተነገራቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ትልቋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ሙሾ ታወርዳለች። ትንሿ መሃል ቆማለች፣ ወገቧን በነጠላ ታጥቃለች፣ እንደ ለቀስተኛ።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ፣ ከዘራዬን መሬት መትቼ።

«የሷ አባት» አለች ትልቋ። «ትልልቆቹ ድንኳን ስላልጣሉለት እኛ ጣልንለት።»

በኪራይ ቤት መደዳ ላይ ምስጢር አይቀመጥም፣ ያን ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። ድንኳኑን ገፍፌ ጣልኩት፣ አግዳሚውን በእግሬ ገለበጥኩት፣ ሟርተኞች አልኳቸው። ሦስቱ ሮጡ። ትንሿ አልሮጠችም።

«አካኮ፣ አባዬ ሞቷል?»

አስተማሪዋ ከጀሪካኑ ጋ ቆማ ታየኛለች።

«አልሞተም። ነቀምቴ ነው ያለው፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው።»

«እኔ ልሙት በል።»

ትልቅ ሰው እንደዚህ ሲያስምል አይታ ነው። እኔ በሰው ሕይወት ምዬ አላውቅም፣ እንኳን በልጅ። ግን ወደ ኋላ የማልልበት ነገር ውስጥ ገብቻለሁ፣ ለእናቷ እሺ ብያለሁ።

«አንቺ ትሙቺ፣ ይመጣል» አልኳት።

ነጠላውን ከወገቧ ፈታች፣ አጥፋ ሰጠችኝ። አስተማሪዋ ቀስ ብላ «ምነው አባ፣ በልጅ?» አለች። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ዥዋዥዌው ላይ አልወጣችም። በሩ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ዞራ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። የአባቷ አይሱዙ ነጭ ነው፣ ሸራው አረንጓዴ። ነጭ ባለፈ ቁጥር ትነሳለች፣ ትቀመጣለች።

«ተራሽ ደርሷል፣ ግቢ» እላታለሁ።

«ለሌላ ልጅ ስጥልኝ። ካላየኝ ያልፋል።»

ድንጋዩ ሲረጥብ አግዳሚ አወጣሁላት። እኔን የምታምነው መርዶ ነጋሪው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ሰው ቢነግራት ኖሮ ትጠራጠር ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ነጭ አይሱዙ በሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። «አባዬ» ብላ ሮጠች። ከኋላው ሊቀድመው የወጣ ባጃጅ መታት። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተሰብሯል። ወጌሻ ቤት ሲያስሩላት ጭንቅላቷን እኔ ያዝኩ፣ መንካት ተፈቀደም አልተፈቀደም። አንቺ ትሙቺ ያልኩት ቃል ጆሮዬ ላይ ቆሟል።

እናቷ ጋ ሄድኩ። «ነገ ትረዳ» አልኳት።

«ያለ ድንኳን?»

«ድንኳኑ እኔ ጋ ነው።»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ገመዱን ከዋንዛው ፈታሁ፣ ሌላ ገመድ አልነበረንም። ከአስተማሪዋ ጋር ሆነን ድንኳኑን ወጠርን። ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ለብሶ መጣ።

«ያስሩሃል» አለኝ።

«ይሰሩኝ።»

ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እናትየዋ በጥቁሯ ሆና ልጇን ይዛ መጣች። ሊቀመንበሩ በዓይኑ ቆጠረን።

«የተፈቀደው አራት ነው፣ አምስት ሆነናል።»

«ልጅ አትቆጠርም» አልኩት።

«እንግዲያ መርዶው ለማን ነው?» አለኝ።

ልጅቷን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። «ልጄ፣ አባትሽ ሞቷል። ክረምት ላይ ነው የሞተው። ያኔ ይመጣል ያልኩሽ ውሸት ነው።»

እናቷ ለወራት የያዘችውን ለቀቀችው። አስተማሪዋ ያዘቻት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ ሊቀመንበሩን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ልሙት በል።»

እውነት ነው፣ መማል እችል ነበር። ግን ክንዷ በቀርከሃ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በእሷ አንድ ጊዜ ምዬ ያመጣሁት እዚያ ፊቴ አለ። ሁለተኛ ያን ቃል ከአፌ ማውጣት አልሆነልኝም።

«በሌላ ልማልልሽ። በእኔ ነፍስ። በዚህ ቁልፍ።»

«አይሆንም። እኔ ልሙት በል።»

ቁልፉን ዘረጋሁላት።

«አየህ» አለች። ተነስታ ወጣች፣ በሩ ላይ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ቀረን።

ኅዳር ላይ እናቷ ወደ እንጭኒ ከተማ፣ ወንድሟ ጋ ይዛት ሄደች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ፣ አስተማሪዋ ተዛወረች። ድንኳን ተፈቀደ፣ ገመዱም ከዚያ ወዲያ ዛፍ ላይ አልወጣም። የዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ገመዱ የበላበት ቦታ እስካሁን አለ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ መርዶ ሲነገር ልጅም አብሮ ይረዳ ብዬ ነበር። «ሽማግሌው ጃጀ» ብለው ሳቁ። በየዓመቱ አነሳዋለሁ፣ በየዓመቱ ይስቃሉ።

አምና አንድ የድሮ ጎረቤት ሲሞት እናትየዋ ለለቅሶ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅቷ አሁን ትልቅ ተማሪ ናት አለችኝ። የትምህርት ቤት ፎርም ላይ አባት በሕይወት የለም ብላ ራሷ ሞልታለች።

«ማን ነገራት?»

«ማንም። እዚያም መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ተነስታ ቤት ገባች፣ ወደ መንገዱ አልተመለሰችም።»

«እኔን ታነሳለች?»

እናትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የሚያልፈውን ሻይ አቅራቢ በእጇ ጠራችው።

«ለአባባ ሻይ ጨምርላቸው» አለችው።