ዶርቴያ እጄን አልሰጠችም

ዶርቴያ ክፉ ሴት ነበረች የሚል ካለ እኔ ፊት መጥቶ ይናገር። ጥርሴ ቢረግፍም ምላሴ አላረጀም።

ወላጆቼ ሞተውብኝ ከዴንማርክ ባሕር ተሻግሬ ዩታ የመጣሁት፣ ለአንድ ወንድ ብዙ ሚስት ከሚፈቅደው ሃይማኖታችን ምእመናን ጋር ነው። ሳንፒት ሸለቆ፣ ዶርቴያ ቤት ገብቼ ላም አልብ ነበር፤ አይብም እሠራ ነበር። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ ጠባይዋ እሳት ነው። አይቡ ጨው ከበዛበት፣ "አንቺ ልጅ፣ ባሕሩን ይዘሽው ነው እንዴ የተሻገርሽው?" ትለኛለች።

አንድ እሑድ የሰፈራችን ጳጳስ፣ ወንድም ሃዳክ፣ መጣና "ጌታ ገልጦልኛል፤ ሲና የወንድም ራስመስ ሁለተኛ ሚስት ትሁን" አለ። ሲና እኔ ነኝ፤ ራስመስ የዶርቴያ ባል ነው፤ የአባቴ እኩያ። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጌታ ለሁሉም ሲገልጥ እኔን ለምን እንደዘለለኝ የጠየቀ የለም። እንቢ ማለት አማረኝ፤ ግን የምበላው በእነሱ ገበታ፣ የምተኛውም በእነሱ ጣሪያ ሥር ነው።

በእኛ ሥርዓት ጣውንትን የምትድረው የመጀመሪያዋ ሚስት ናት። ጋብቻ በሚታሰርበት በቃል ኪዳኑ ቤት፣ መሠዊያው ፊት ቆማ፣ የሙሽራዋን ቀኝ እጅ በባሏ ቀኝ እጅ ላይ ታኖራለች። እንቢ ካለች እሱ ያለ እሷ ያገባል፤ እሷ ኃጢአተኛ ትባላለች። ይሄም ፈቃድ መጠየቅ ተባለ! ጉድ እኮ ነው!

ለጋብቻው ሶልት ሌክ ወዳለው ቃል ኪዳን ቤት ስንሄድ፣ ዶርቴያ ሰረገላው ላይ ጠጋ ብላ፣ "ትወጂዋለሽ?" አለችኝ።

"ኧረ አልወደውም፣ እትዬ።"

"ታዲያ አፍሽን ምን ዘጋው?"

"ማን ጠየቀኝ?"



መሠዊያው ፊት ቆምን። አጋቢው፣ "እህት ዶርቴያ፣ ይህችን ሴት ለባልሽ ለመስጠት ፈቃደኛ ነሽ? ከሆንሽ እጇን በእጁ ላይ አኑሪ" አላት።

እጄን ያዘች። አይብ በመጭመቅ የጠነከረ መዳፍ ነው። ራስመስ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። እሷ ግን ወደ ራሷ ሳበችኝ።

"አልሰጥም!"

"ካልሰጠሽ ሕጉ አንቺን ያልፍሻል።"

"ይለፈኛ! ልጅቷን ግን ማለፍ የለም። በይ ሲና፣ አፍ የለሽም?"

"አልፈልግም" አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም።

"ሰማችሁ አይደል!" አለችና እጄን እንደያዘች ይዛኝ ወጣች።

ራስመስ ሌላ አግብቶ ቤቱን ለቀቀ። ሰፈሩ አገለለን፤ ሴቶቹ ሲያዩን መንገድ ይቀይራሉ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አይቧን ሠራች። አንድ ጠዋት ጳጳሱ በረት ድረስ መጣ።

"በትንሣኤ ቀን ሚስትን በስሟ ጠርቶ ከመቃብር የሚያስነሳት ባሏ ነው። አንቺን ማን ሊጠራሽ ነው?"

ዶርቴያ ከምታልባት ላም ቀና እንኳ አላለችም። "ወንድም ሃዳክ፣ ያን ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ከአልጋው የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ለራሴማ አላንስም።"

እኔ በኋላ የወደድኩትን አገባሁ። እሷም አብራን ኖራ አረጀችና ሞተች። ምእመናን በሚቀበሩበት በቤተ መቅደሱ ልብስ እንዳትቀበር ከለከሉን፤ ባል በትንሣኤ ይገልጠዋል የሚባለውን፣ ፊቷን የሚሸፍነውን ሻሽም ነፈጉን። ይከልክሉ! የሥራ ሽርጧን አስሬላት፣ ፊቷን ገልጬ ቀበርኳት።

ራስመስ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ቆይቶ፣ "ሲና፣ በትንሣኤው ቀን ብጠራት ትሰማኝ ይሆን?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

አንጀቴን በላኝ፤ ግን አላባበልኩትም።

"አንተ ዝም ብለህ ተኛ፣ ወንድም ራስመስ" አልኩት። "ፈቃዷ ከሆነ መጥታ ትቀሰቅስሃለች።"